ባክቴሪያ ፈጁ ቫይረስ፦ ስሙ ምን ያስተምረናል?

አዲስ አበባ፦ መርካቶ የሚጠፋ ነገር የለም ይባላል። ሸማ የፈለገ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ አሮጌ ብረትና ባዶ ጠርሙስ የሚያገላብጥ ምናለሽ ተራን አይስትም። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ወይም ከሸዋ ዕቃ ሊያስጭን የመጣ ነጋዴ መንገዱን ባያውቅ እንኳ የተራውን ስም ካወቀ አይጠፋም። ገበያው ራሱ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪዎቹ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው በቋንቋቸው "ገበያ" አሉት። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ፤ አማርኛም የራሱ አደረገው።

ሁሉም ነገር በስሙ በሚጠራበት በዚህ ገበያ አንድ ሸቀጥ ብዙ ጊዜ ያለ ስሙ ይጠየቃል፤ እርሱም መድኃኒት ነው። ጉሮሮውን የከረከረው ደንበኛ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና "ካፕሱል ስጡኝ" ይላል። የትኛው ካፕሱል? ለየትኛው ሕመም? ለስንት ቀን? ጥያቄው አይነሣም። አንዱ ጎረቤቱን ያሻለውን ክኒን ይጠይቃል፤ ሌላው ባዶ ማሸጊያ ይዞ መጥቶ "እንደዚህ ያለ" ይላል፤ ሦስተኛው ከራሱ የተረፈውን በአውቶቡስ ለገጠር ዘመዱ ይልካል። ይህ የመርካቶ ብቻ ጠባይ አይደለም። በባሕር ዳርም፣ በደሴም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በየወረዳው ከተማም ያለ ልማድ ነው። መርካቶ ላይ ጎልቶ የሚታየው የሀገሩ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ገበያ ስለሆነ ነው።

የልማዱ ዋጋ ግን ከባድ ነው። የጤና ባለሙያዎች "የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በጀርሞች መለመድ" ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ ሲወሰድ ወይም ሳያልቅ ሲቋረጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መቋቋም የቻሉት ይተርፋሉ። የተረፉት ይባዛሉ፤ የመቋቋም ችሎታቸውንም ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያካፍላሉ። ከጊዜ በኋላ ትናንት በአንድ ካፕሱል የሚድን ቁስል ዛሬ በመርፌም አልድን ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ፣ 4.95 ሚሊዮን ሞቶች ደግሞ ከዚሁ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ገምቷል። በኢትዮጵያ በዚያው ዓመት በቀጥታ የሞቱት ወደ 21 ሺህ እንደሚደርሱ ተገምቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አባል ሀገራትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ተሰብስበው ይህን ሞት እስከ 2030 ድረስ በ10 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል።

ነባሮቹ መድኃኒቶች ጉልበታቸው ሲደክም፣ አዳዲሶቹም በዝግታ ሲመጡ፣ የሳይንስ ዓለም ከመቶ ዓመት በፊት ወደተገኘና ተረስቶ ወደነበረ አንድ ረቂቅ ፍጡር ፊቱን መልሷል። ስሙ ባክቴሪዮፋጅ ነው፤ በአጭሩ ፋጅ። ሰውን ሳይሆን ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ይህ ትንታኔ የስሙን አመጣጥ ተከትሎ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ይህ ቫይረስ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮችና ከተሜዎች ምን ተስፋ ይዟል? "ካፕሱል ስጡኝ" በሚባልበት ገበያስ ተስፋው ሥር ይሰዳል?

ስሙ ከየት መጣ?

ቫይረስ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ መርዝ ማለት ነው። ባክቴሪያ የሚለው ደግሞ በግሪክ ትንሽ በትር ማለት ነው፤ በማጉያ መነጽር መጀመሪያ የታዩት አንዳንዶቹ ቅርጻቸው የዱላ ስባሪ ስለሚመስል ነው። የሁለቱ ጠላትነት የታወቀው ግን ቆይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1896 ኧርነስት ሃንኪን የተባሉ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የሕንድ ታላላቅ ወንዞች የጋንጅስና የያሙና ውኃ የኮሌራን ጀርም እንደሚገድል ጻፉ። ውኃው ሲፈላ ግን ይህ ኃይሉ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱን አላወቁትም። በ1915 ፍሬድሪክ ትዎርት የተባሉ ሌላ እንግሊዛዊ በቤተ ሙከራ ያሳደጓቸው የባክቴሪያ መንጋዎች እንደ መስተዋት እየጠሩ ሲሟሙ አዩ። ይህን የሚያደርገው ነገር በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ውስጥ እንኳ እንደሚያልፍ አረጋገጡ። ነገር ግን ጦርነትና የገንዘብ እጥረት ሥራቸውን አቋረጠባቸው፤ ስምም አላወጡለትም።

ስሙን ያወጡት ፌሊክስ ዴሬል ናቸው። ዴሬል በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ተመራማሪ ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት የፈረንሳይ ወታደሮችን ያጠቃ የተቅማጥ ወረርሽኝ ሲያጠኑ፣ ከሕሙማኑ ዓይነ ምድር ተጣርቶ የወጣው ፈሳሽ የተቅማጡን ባክቴሪያ ሲያጠፋው ተመለከቱ። ባክቴሪያ በለመለመበት ሳህን ላይ ምንም ያልበቀለባቸው ንጹሕ ነጠብጣቦች ታዩ፤ ልክ አንበጣ የግጦሽ መሬትን እየመረጠ አራቁቶ እንደሚሄድ። ሰውዬው ቀደም ሲል በሜክሲኮና በሰሜን አፍሪካ የአንበጣ መንጋን በባክቴሪያ ለመግታት የሠሩ በመሆናቸው፣ ለጠላት ጠላት መፈለግ ለእርሳቸው አዲስ ሐሳብ አልነበረም።

ግኝታቸው በመስከረም 1917 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ስሙን ግን ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጥቅምት ወር እንዳወጡት ኋላ ላይ ጽፈዋል። "ባክቴሪዮ" ያው ባክቴሪያ ነው፤ "ፋጅ" ደግሞ መብላት ከሚል የግሪክ ግሥ የመጣ ነው። በአንድ ላይ ባክቴሪያ በል ማለት ነው። ዴሬል ራሳቸው "መብላት" የሚለው በጥሬ ትርጉሙ እንዳይወሰድ አሳስበዋል፤ ለማለት የፈለጉት በሌላው ኪሳራ ማደግን ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ ያቀርባል። "ፈጀ" የሚለው ግሣችን መጨረስን፣ ማጥፋትንና ማቃጠልን በአንድነት ያቅፋል። እሳት ቤት ይፈጃል፤ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ የበርበሬ ተራ አቧራ ዓይን ይፈጃል፤ ሙግታችንን የሚጨርስልንን ሰውም ነገረ ፈጅ እንለዋለን። የግሪኩ "ፋጅ" እና የአማርኛው "ፈጅ" ዝምድና የላቸውም፤ የተገጣጠሙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሆኖም ባክቴሪዮፋጅን "ባክቴሪያ ፈጅ" ብንለው፣ ዴሬል ሊሉት የፈለጉትን ከግሪኩ ይልቅ አማርኛው በትክክል ይገልጽላቸዋል። ይህ ቫይረስ ባክቴሪያን አኝኮ አይበላም፤ ይፈጀዋል እንጂ።

ስሙ የማይነግረን

አፈጃጀቱ እንዲህ ነው። ፋጅ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ከትልልቆቹ ፋጆች አንዱ እንኳ ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺኛ እጅ ያህል ነው። ብዙዎቹ ራስና ጅራት አላቸው። ፋጁ በባክቴሪያው ቆዳ ላይ ያርፍና የራሱን የዘር መመሪያ ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የራሱን ሥራ ትቶ ፋጅ የሚያመርት ፋብሪካ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በርካታ አዳዲስ ፋጆች ባክቴሪያውን አፈንድተው ይወጣሉ፤ እነርሱም ቀጣዩን ባክቴሪያ ፍለጋ ይሰማራሉ። እሾህን በእሾህ ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን "ባክቴሪያ ፈጅ" የሚለው ስም ሁለት ነገሮችን ይደብቃል።

የመጀመሪያው፣ ፋጅ ሁሉንም ባክቴሪያ አይፈጅም። እያንዳንዱ ፋጅ የሚያጠቃው አንድን የባክቴሪያ ዝርያ፣ አንዳንዴም ከዝርያው ውስጥ ጥቂት ወገኖችን ብቻ ነው። በመርካቶ ቋንቋ ብንናገር፣ አንቲባዮቲክ ብዙ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው፤ ፋጅ ግን የአንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ይህ በረከትም ችግርም ነው። በረከቱ፣ በአንጀታችን ውስጥ የሚኖሩትንና የሚጠቅሙንን ባክቴሪያዎች አይነካም። ችግሩ፣ የታማሚውን ባክቴሪያ በትክክል ሳይለዩ ፋጅ መስጠት ቁልፉን በማያውቁት በር ላይ እንደ መሞከር ነው።

ሁለተኛው፣ ፋጅ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ በውስጡ ተኝተው አብረውት ይኖራሉ፤ ይባስ ብለውም መሣሪያ ያስታጥቁታል። የኮሌራ ባክቴሪያ አጣዳፊ ተቅማጥ የሚያስከትለው በሚያመነጨው መርዝ ነው። የመርዙ መመሪያ ከአንድ ፋጅ እንደመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለዚህ ለሕክምና የሚውለው ፋጅ ተመርምሮ፣ ተጣርቶና ዘሩ ተነብቦ መሆን አለበት።

ከሃንኪን ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድም መጠንቀቅ ያሻል። በወንዝ ውኃ ውስጥ ፋጅ አለ ማለት ውኃው ይጠጣል ማለት አይደለም። እንዲያውም ፋጅ የሚበዛው ባክቴሪያ በበዛበት፣ ማለትም ቆሻሻ በተቀላቀለበት ቦታ ነው። ሀገራችን ከነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በባሌ ጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች በተዛመተው የኮሌራ ወረርሽኝ ዜጎቿን ያጣችው በወንዞቿ ፋጅ ጠፍቶ አይደለም፤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ስለጎደለ ነው። ውኃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት በምንም አይተካም።

ለምን ተረሳ? ለምን ተመለሰ?

ዴሬል ግኝታቸውን በሰው ላይ የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ለታመመው ልጅ ከመስጠታቸው በፊት እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ጠጥተው አዩት። ልጁ ዳነ። ከዚያ በኋላ ዝናው በዓለም ናኘ፤ ኩባንያዎች ፋጅ በጠርሙስ እያሸጉ መሸጥ ጀመሩ። ጥፋቱም እዚያ ላይ ተጀመረ። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፋጅ የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚያጠቃ ሳይታወቅ ለሁሉም በሽታ ይሸጥ ነበር። አንዳንዱም እንዳይበላሽ በተጨመረበት ኬሚካል ምክንያት ሞቶ ገበያ ይወጣ ነበር። ያልሠራው መድኃኒት ሲበዛ እምነቱ ጠፋ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ የምዕራቡ ዓለም ፋጅን እርግፍ አድርጎ ተወው።

በሌላ አነጋገር፣ ፋጅን የጣለው የፋጅ ድክመት ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ እኛ በአንቲባዮቲክ ላይ የምንሠራው ስሕተት ነው። በሽታው ሳይለይ "ጠርሙስ ስጡኝ" ማለት።

ሥራው ሳይቋረጥ የቀጠለው በሶቪየት ኅብረት ነበር። የጆርጂያው ሳይንቲስት ጊዮርጊ ኤሊያቫ በትብሊሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1923 ያቋቋሙት ተቋም ዛሬም ፋጅ ያዘጋጃል። ኤሊያቫ ራሳቸው በስታሊን ዘመን በ1937 ተገድለዋል። ዴሬል በ1949 ሲሞቱ ስማቸው ደብዝዞ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለኖቤል ሽልማት ቢታጩም አላገኙትም።

ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ግን በ1945 ሽልማታቸውን ሲቀበሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር፦ መድኃኒቱ ማንም ከሱቅ የሚገዛው ሲሆን፣ ያላወቀ ሰው አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ያለማምደዋል አሉ። ዛሬ የደረስንበት ያው ነው።

ፋጅ ወደ መድረክ የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ግብፅን ሲጎበኙ ማንኛውም አንቲባዮቲክ በማይበግረው ባክቴሪያ ተያዙ። በካሊፎርኒያ ሆስፒታል ሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ የተላላፊ በሽታዎች ተመራማሪ የሆኑት ባለቤታቸው ከዓለም ዙሪያ ፋጅ አስፈልገው በ2016 በደም ሥራቸው እንዲሰጥ አደረጉ፤ ሰውዬውም ተረፉ። ቤልጅየም ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ ታማሚ ብቻ ተቀምሞ የሚሰጥ ፋጅን የሚገዛ ሥርዓት ዘርግታለች። ያም ሆኖ ፋጅ በብዙ ሀገሮች ገና የሙከራ ሕክምና ነው። ለአንዱ ያዳነ ለሁሉም ያድናል ለማለት ሰፊ ጥናት ይቀራል።

ከዶሮ ቤት እስከ እንሰት ማሳ

ፋጅ ለገበሬው ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነው። ዴሬል ከሰው በፊት ሙከራቸውን የጀመሩት በዶሮ ነው፤ በፈረንሳይ ገጠር ዶሮዎችን ይጨርስ የነበረውን የዶሮ ታይፎይድ ለመግታት። ዛሬም በናይሮቢ የዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በዶሮ ላይ የሚደርሰውን የሳልሞኔላ ባክቴሪያ በፋጅ ለመቆጣጠር ሠርተዋል። ይኸው ተቋም በአዲስ አበባም ትልቅ ቅጥር ግቢ አለው።

ጉዳዩ ለእኛ ለምን ይገባናል? በከተሞች ዙሪያ የዶሮና የወተት እርባታ እየሰፋ ነው። ዶሮ ሲያስነጥስ ወይም የላም ጡት ሲያብጥ ብዙ አርቢዎች የሚሮጡት ወደ አንቲባዮቲክ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን በሀገራችን እንስሳት ላይ በብዛት ከሚውሉት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በእንስሳት ሐኪም ሳይሆን በግምት ሲሰጥ፣ በከብቱ ሆድ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ይላመደዋል። ባክቴሪያው በፍግ ወደ ማሳ፣ በወተትና በሥጋ ወደ ማዕድ ይደርሳል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው አትክልት ገበያ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ የከተማው ጀርምም በውኃው በኩል ወደ ማሳው ይመለሳል። ገበሬውና ከተሜው በዚህ ረገድ አንድ ገበያ ላይ ናቸው።

በሰብል በኩልም ተስፋ አለ። በአሜሪካ ከ2005 ጀምሮ የቲማቲምና የቃሪያ ቅጠል የሚያጠቃ ባክቴሪያን የሚገድል የፋጅ ርጭት ተመዝግቦ ሥራ ላይ ውሏል። ፋጅ የፀሐይ ብርሃን ስለሚጎዳው ርጭቱ ሲመሽ ቢሆን ይመረጣል። በእኛ ሀገር ዝንጅብልን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ያወደመው፣ ድንችና ቲማቲምንም የሚያጠወልገው በሽታ ባክቴሪያ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበውን እንሰት የሚያደርቀው የአጠውልግ በሽታም እንዲሁ ባክቴሪያ ነው፤ ለሳይንሱ ዓለም መጀመሪያ የተገለጸውም እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ነበር። ለእነዚህ በሽታዎች ገበሬው በእጁ ያለው መፍትሔ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ መሣሪያውን በእሳት ወይም በኬሚካል ማጽዳትና ጤነኛ ተከል መጠቀም ነው። ፋጅ አንድ ቀን ከእነዚህ ጎን ሊሰለፍ ይችላል።

አንድ ቀን ማለታችን ግን ይሰመርበት። አርሶ አደሩ ዛሬ ወደ ገበያ ወጥቶ የፋጅ ርጭት ቢጠይቅ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። ማንም በፋጅ ስም ያልተመዘገበ ጠርሙስ ይዞ ቢመጣም መግዛት አይገባም።

ቁልፉ ቤተ ሙከራ ነው

ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ ቦታ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። የአዲስ አበባ ሰው አካባቢውን ዛሬም "ፓስተር" ይለዋል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የፓስተር ኢንስቲትዩት በከተማችን ይሠራ ስለነበር ነው። ፋጅ ስሙን ያገኘበት የፓሪሱ ተቋምና የእኛ ሰፈር አንድ ስም ይጋራሉ። በዚህ ሰፈርና በመርካቶ መካከል ያለው ርቀት በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። በምርመራ ውጤትና በካፕሱሉ ሽያጭ መካከል ያለው ርቀት ግን ገና ብዙ ነው።

የትንታኔው ዋና ነጥብም ይኸው ነው። ፋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ የበሽተኛው ባክቴሪያ የትኛው እንደሆነ በካልቸር ምርመራ መለየትን ነው። የፋጅ ክምችት ያለው ሀገር እንኳ ይህ ከሌለው ክምችቱ አይጠቅመውም። በአንጻሩ ይህ ምርመራ ያለው ሀገር ፋጅ ባይኖረው እንኳ ዛሬ በእጁ ያሉትን አንቲባዮቲኮች በአግባቡ ተጠቅሞ ዕድሜያቸውን ያራዝማል። ስለዚህ ለፋጅ መዘጋጀትና አንቲባዮቲክን ማዳን ሁለት ሥራ አይደሉም፤ አንድ ሥራ ናቸው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል፦ በሽታውን ያልለየም መድኃኒት አይገኝለትም።

ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ወደ ኋላ አልቀረችም። የመድኃኒት መላመድን ለመከላከል የመጀመሪያውን ብሔራዊ ስትራቴጂ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከ2021 እስከ 2025 የተዘጋጀው ሦስተኛው ደግሞ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድ ዓይን ያያል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የቁጥጥር ሥልጣኑን ደንግጓል። የሚዋጡና በመርፌ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች በሐኪም ማዘዣ ሊሸጡ የሚገባቸው ናቸው። የጎደለው ሕጉ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በባለ መድኃኒት ቤቱ ላይ መጫንም ፍትሕ አይሆንም። ለካልቸር ምርመራ ሩቅ መሄድና ቀናት መጠበቅ ያለበት፣ የቀን ገቢው በቀኑ የሚያልቅ የጉልበት ሠራተኛ "ካፕሱል ስጡኝ" የሚለው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላው መንገድ ውድ ስለሆነበት ነው። ስለሆነም ምርመራውን ወደ ጤና ጣቢያ ማቅረብና ማርከስ ከቁጥጥሩ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

የምርምሩ በር ደግሞ ለእኛም ክፍት ነው። ፋጅ በፍሳሽ፣ በወንዝና በፍግ ውስጥ ሞልቷል፤ ለመፈለግ የሚያስፈልገው ከወርቅ ማዕድን ይልቅ ትዕግሥትና መሠረታዊ ቤተ ሙከራ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል ተክል ለዓለም ያስተዋወቁት በዚሁ መንገድ ነበር። ዴሬል በሳህን ላይ ያዩት ንጹሕ ነጠብጣብና አክሊሉ በወንዝ ዳር ያዩት ቀንድ አውጣ አንድ ዓይነት ትምህርት ይሰጣሉ፦ የበሽታ ጠላት ብዙ ጊዜ ከበሽታው አጠገብ ይኖራል።

ኅዳር ሲታጠን

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን መርካቶ ጢስ ይለብሳል። ነጋዴው የሱቁን ደጅ ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ልማዱ የ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው። ያ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የጨረሰ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ብዙዎቹ ቫይረሱ በሩን ከከፈተ በኋላ ሳንባቸው ውስጥ በገባ ባክቴሪያ ነው የሞቱት። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ፋጅም ስም ካገኘ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

ዓለም አቀፉ የመድኃኒት መላመድ ግንዛቤ ሳምንትም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 18 እስከ 24 የሚከበር በመሆኑ ከዚሁ ቀን ጋር ይገናኛል። ይህ መገናኘት ልብ ለሚል ሰው ትርጉም አለው። አያቶቻችን መድኃኒት አጥተው የሞቱበትን ቀን እያጠንን፣ ለልጆቻችን መድኃኒት የማይሠራበትን ዘመን ማውረስ የለብንም።

መደረግ ያለበት ነገር ከባድ አይደለም። ጉንፋን በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሽረውም። የታዘዘልንን መድኃኒት በታዘዘው መጠንና ጊዜ እንውሰድ፤ የተረፈን ለሌላ አናካፍል። አርሶ አደሩ ከብቱንና ዶሮውን ከማስወጋቱ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክር፤ መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተትም ባለሙያው እስከወሰነው ቀን ድረስ ለሰው አይቅረብ። ፈቃድ ከሌለው ሻጭ፣ ከጉልትም ሆነ ከአዟሪ፣ መድኃኒት አንግዛ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ባክቴሪያ ፈጁ ቫይረስ አንድ ቀን በሐኪሞቻችንና በገበሬዎቻችን እጅ ይገባ ይሆናል። በዚያ ቀን ሥራውን የሚሠራው ግን ጠላቱ በስሙ ሲነገረው ብቻ ነው። እስከዚያው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የምንጠይቀውን ጥያቄ እንቀይር። "ካፕሱል ስጡኝ" ከማለታችን በፊት "ያመመኝ ምንድን ነው?" እንበል። መርካቶ ላይ ሸማና በርበሬ እንኳ የየራሳቸው ተራ አላቸው።